ሙያውን ማን ይምረጥ? በከሚሴ የተደረገ ምልልስ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው እህልና ከብት ሲነግዱ የኖሩ፣ ከከሚሴ እስከ ባቲ ገበያ ድረስ የሚታወቁ ሐጂ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው በልጅነታቸው በቅኔ ቤት፣ በጕልምስናቸው በመንግሥት ትምህርት ቤት ያሳለፉና አሁን በጡረታ ላይ ያሉ መምህር ናቸው። ለምልልሱ ምክንያት የሆነችው የሐጂ ልጅ መስማት የተሳናት ናት፤ ደሴ ከአክስቷ ዘንድ ተቀምጣ፣ በልዩ ፍላጎት ክፍል እስከ ስምንተኛ ተምራ ተመልሳለች። ወራቱ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን እየነዱ ወደ ቦርከና ዳር፣ ወደ ጨፋ ረግረግ የሚሰበሰቡበት በጋ ነበረ።

ሐጂ፦ መምህር፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድ የከበደኝን ነገር ላዋይዎ። ልጄን ልብስ ስፌት ላስተምራት አስቤ ነበር፤ ሥራው ከቤት አያርቅም፣ ብዙ መነጋገርም አይፈልግም። እሷ ግን የሞባይል ጥገና ካልሆነ ብላ እምቢ አለች። ጆሮዋ የማይሰማ ልጅ የሰው ድምፅ የሚመላለስበትን ዕቃ እጠግናለሁ ስትል ምን ይባላል? ብከለክላት እበድላታለሁ ብዬ እፈራለሁ፤ ብፈቅድላት ደግሞ ወድቃ ትመለሳለች ብዬ እሠጋለሁ።

መምህር፦ ሥጋትዎ የአባት ሥጋት ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን እርስዎ ስለ አንዲት ልጅ የጠየቁኝ ጥያቄ የብዙዎች መሆኑን ልንገርዎ። በአገራችን ለአካል ጉዳተኛ ሙያ ሲመረጥ መራጩ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ ዓይነ ሥውር ከሆነ መጥረጊያ ይሥራ፣ መስማት የተሳነው ከሆነ ልብስ ይስፋ፣ እግሩ ያልጸና ከሆነ ጫማ ይስፋ እየተባለ፣ ሙያው ከሰውየው ዝንባሌና ተሰጥዖ ሳይሆን ካጣው ሕዋስ ይቀዳል። ይህን የሚያደርጉት ክፉዎች አይደሉም፤ አዛኞች ናቸው። ሆኖም ርኅራኄ ልቡናን ሳይጠይቅ ሲፈርድ፣ ሰውየው አንድ ጊዜ በተፈጥሮ ወይም በአደጋ የደረሰበትን ጉድለት ሁለተኛ ጊዜ በሰው ፈቃድ እንዲሸከመው ያደርገዋል።

ሐጂ፦ መልካም፤ ግን እንጀራ እንጀራ ነው። ስፌት ያበላል።

መምህር፦ እንግዲያውስ በነጋዴ ዓይን እንየው። እርስዎ ገበያው በማሽላ ሲጥለቀለቅ ማሽላ ጭነው አይወጡም። በዚህ በዋናው መንገድ ዳርና ዳር የስፌት መኪና ዘርግቶ የተቀመጠውን ሰው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ሲወርዱ ደግሞ ከቆላ የመጣው ከብት ሻጭ ሁሉ በኪሱ ምን እንደያዘ፣ ያ የያዘው ዕቃ ሲሰበርበት ማን ዘንድ እንደሚሄድ አይተዋል። ልጅዎ ያየችው ይህንኑ ነው፤ ይህም የልጅነት ምኞት ሳይሆን ማስተዋል ነው።

ሐጂ፦ ወላሂ፣ የገበያውን ነገር እውነትዎን ነው። ነገር ግን ድምፅ መውጣት አለመውጣቱን በምን ታውቃለች?

መምህር፦ ይህን እኔም ጠይቄአለሁ፤ የጠየቅሁትም ጥገና የሚያሠለጥን ሰው ነው። ወደ ጠጋኝ ከሚመጣው ሥራ የሚበዛው የተሰበረ መስታወት መለወጥ፣ ባትሪ መቀየር፣ ላብና አቧራ የደፈነውን የቻርጀር ቀዳዳ ማጽዳት ወይም ነቅሎ ሌላ መበየድ ነው፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ የጆሮ ድርሻ የለም፣ የዓይንና የጣት እንጂ። የተበጠሰ መስመር ሲፈለግ ደግሞ ሙልቲሜትር የተባለውን መለኪያ ሁለት ዘንጎች በመስመሩ ጫፍና ጫፍ ያኖራሉ፤ መስመሩ ደኅና ከሆነ መለኪያው ይጮኻል። እዚህ ላይ ነው አሠልጣኙ ሁሉ «እንግዲህ ይህችን ልጅ ምን ላድርጋት?» ብሎ የሚቆመው። ነገር ግን ያው መለኪያ በሚጮኽበት ቅጽበት በመስኮቱ ላይ ቍጥር ይጽፋል፤ ቍጥሩ ወደ ዜሮ ከቀረበ መስመሩ አልተቋረጠም ማለት ነው። ድምፁ ለቸኮለ ሰው የተደረገ ማቅለያ እንጂ የልኬቱ ዋና ነገር አይደለም። የድምፅ ማጉያውን ጣቷን አሳርፋ በንዝረቱ ትፈትነዋለች፤ ማይክሮፎኑን ደግሞ የስልኩን ድምፅ መቅጃ ከፍታ፣ ሰው ሲናገርበት መስመሩ ሲወዛወዝ በዓይኗ ታየዋለች። ድምፁ የጠራ ነው ወይስ የሻከረ የሚለው ብቻ ይቀራል፤ እሱንም ባለስልኩ ራሱ በጆሮው ሰምቶ ይመሰክራል።

ሐጂ፦ ሱብሐነላህ! ይህን ሳላውቅ ነው ለካ ስከራከራት የኖርሁት። ግን መምህር፣ ሌላም ነገር አለ። የአንድ ወዳጄ ልጅ፣ እንደ ልጄ መስማት የተሳናት፣ በአንድ ማሠልጠኛ ተመዝግባ ነበረ። አልከለከሏትም፤ በደስታ ተቀበሏት። ከተቀበሏት በኋላ ግን አሠልጣኙ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ይናገራል፣ እሷ ጀርባውን ታያለች። ሌሎቹ ሲስቁ ትስቃለች፣ ሲጽፉ ከጎረቤቷ ደብተር ትገለብጣለች። በመጨረሻው በፈተና ወደቀች፤ ሰውም «ይኸው፣ አልሆነላትም» አለ።

መምህር፦ ነገሩን ከሥሩ አገኙት። እኔ በሥልጠና ጉዳይ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በሩ መዘጋቱ ሳይሆን፣ በሩ ተከፍቶ ከውስጥ ምንም ሳይሰናዳ መቅረቱ ነው። የተዘጋ በር በግልጽ ይታያልና ይከሰሳል፤ ባዶ መስተንግዶ ግን ጥፋቱን በተማሪው ላይ ይጥላል። ያቺ ልጅ የወደቀችው በሙያው አይደለም፤ የወደቀችው በሰሌዳውና በእሷ መካከል በነበረው አንድ ሰው ጀርባ ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከጎኗ ቢቆም፣ አሠልጣኙም ሲናገር ፊቱን ቢሰጥ፣ ቃል ከመናገሩ በፊት እጁን ቢያሳይ ኖሮ ፍርዱ ሌላ ይሆን ነበር። እንዲያውም ተግባረ እድ ከማንኛውም ትምህርት ይልቅ በማየት የሚወረስ ነው።

ሐጂ፦ አስተርጓሚ ከየት ይመጣል? እኛ ገና በኦሮምኛና በአማርኛ መካከል ስንተረጕም እንውላለን።

መምህር፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ዓመታት ተቈጥረዋል፤ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የተመረቁ መምህራንም በየከተማው አሉ። ልጅዎ ደሴ ሄዳ ቋንቋውን በመማሯ ዕድለኛ ናት። በአርጡማ ፉርሲ ወይም በደዌ ሐረዋ ገጠር ውስጥ ከእናቷ ጋር በቤት ውስጥ ምልክት ብቻ የምትግባባ ልጅ ብትሆን ኖሮ፣ መለኪያውን ከማስያዝ አስቀድሞ የምልክት ቋንቋውን ማስተማር በተገባ ነበር፤ ይህንንም የማያስብ ሥልጠና ከመሠረቱ የላላ ነው። ሕጉን በተመለከተ ግን የጐደለን ነገር ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ ስለ አካል ጉዳተኞች የሙያ ተሐድሶ የሚናገረውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቍጥር 159ን የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 568 ደግሞ አሠሪው ተስማሚ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያመቻች፣ አካል ጉዳተኛው ሥራውን ለመሥራት ወይም ሥልጠናውን ለመከታተል የሚያስችለውን ረዳት እንዲመድብለት ያዝዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 27 የቴክኒክና የሙያ ሥልጠና ለአካል ጉዳተኞችም የተከፈተ እንዲሆን መንግሥታትን ያስገድዳል።

ሐጂ፦ አዋጁ አዲስ አበባ ነው፤ እኛ ጨፋ ነን። ሰው በአዋጅ ብቻ ልቡን አይከፍትም። ይልቅስ እርስዎ ስለ ረዳት ሲያነሡ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በነቢያችን፣ ሶለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፣ ዘመን በመዲና ሁለት አዛን ባዮች ነበሩ፤ አንዱ የእኛው ሐበሻ ቢላል፣ ሁለተኛው አብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም። ይህ ሁለተኛው ዓይነ ሥውር ነበረ። የንጋት አዛን ደግሞ ጎሕ መቅደዱን አይቶ የሚባል ነው፤ እሱ ግን ጎሑን አያይም። ስለዚህ ሰዎች ነጋ፣ ነጋ ብለው እስኪነግሩት ድረስ ይቆይና ከዚያ በኋላ ይጣራ ነበረ።

መምህር፦ ሐጂ፣ ይህን የነገሩኝን በወርቅ ልጻፈው። ልብ ይበሉ፤ ሥራው ማየትን የሚጠይቅ ነው፣ ባለ ሥራው አያይም። እኛ ብንሆን «ይህስ ለእሱ አይሆንም፣ ሌላ ቀላል ነገር ይሰጠው» ባልን ነበር። በዚያ ግን ሥራውን አልወሰዱበትም፣ በሥራውም ላይ ሌላ ሰው አልደረቡበትም፤ የጐደለችውን አንዲት ነገር፣ እርስዋም የንጋቱን ወሬ፣ ብቻ አቀበሉት። ከዚያ በኋላ ድምፁም፣ ኀላፊነቱም፣ ክብሩም የራሱ ነበረ። ለአካል ጉዳተኛ ሠልጣኝ የሚደረግ ድጋፍ ልኩ ይህ ነው፤ ከዚህ ካነሰ ሰውየው ይወድቃል፣ ከዚህ ከበዛ ደግሞ ሥራው የረዳቱ ይሆናል።

ሐጂ፦ በእናንተስ መጽሐፍ እንዲህ ያለ የለም?

መምህር፦ አለ እንጂ። በአራተኛው ምዕት ዓመት በእስክንድርያ ዲዲሞስ የሚባል ሊቅ ነበረ፤ ገና በሕፃንነቱ ዓይኑ የጠፋ ነው። በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ንባብ ተማረ፤ ይህም ፈረንሳዊው ሉዊ ብራይል ከመወለዱ ከዐሥራ አራት መቶ ዓመታት በፊት ነው። ይህንን ዓይነ ሥውር በታላቁ የእስክንድርያ ትምህርት ቤት ላይ መምህር አድርጎ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማን ቀብቶ የላከልንም እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ እርስዎም በቢላል በኩል፣ እኔም በአባ ሰላማ በኩል፣ ይህን ጉዳይ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ወሬ ነው ማለት አንችልም።

ሐጂ፦ እንዲያ ከሆነ ለምን ለአካል ጉዳተኞች ለብቻቸው ትልቅ ማሠልጠኛ ቤት አይሠራላቸውም? በጃንሆይ ጊዜ ሰበታ ላይ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ነበረ ይባላል።

መምህር፦ ነበረ፤ ሰበታ መርሐ ዕውራን። ከዚያ የወጡ ሰዎች መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች ሆነው አገር አገልግለዋል። በመናገሻም ፖልዮ የመታቸው ሕፃናት የሚረዱበት የቼሻየር ቤት ተቋቁሞአል፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ድርጅት አቆመ። እነዚህን ሁሉ አከብራለሁ። ግን ሁሉም በዋና ከተማይቱ ዙሪያ ነበሩ። የእኛዋ የወሎዋ ልጅ የትነበርሽ ንጉሤ፣ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ካጣች በኋላ፣ ለመማር ሻሸመኔ ድረስ መሄድ ነበረባት፤ ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በሠራችው ሥራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በ2010 ዓ.ም. ተቀበለች። እንዲህ ያለ መንገድ ለጥቂቶች ይሆናል። ለትምህርት መራቅ ይቻል እንደሆነ እንጂ፣ ሙያ ግን ደንበኛው ባለበት መማር አለበት። በአዲስ አበባ የሠለጠነ ጠጋኝ ባቲ ሲመለስ ማንም አያውቀውም፤ ከሚሴ የሠለጠነ ግን በሥልጠናው ወራት ደንበኛውን አብሮ ያፈራል።

ሐጂ፦ ሌላም ወጣት አለ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በዚህ ጎዳና በወረደ ጊዜ አንድ እግሩን ያጣ። ብየዳ መማር ይሻል።

መምህር፦ ሰው ሠራሽ እግሩን ለማግኘት ደሴ ያለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ሩቅ አይደለም፤ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁለት፤ የብየዳው ጠረጴዛ ተቀምጦ በሚሠራበት ከፍታ ይሁን፣ የሥራ ቤቱም ደጃፍ በደረጃ ሳይሆን በተዳፋት ይሠራ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም ሕዝብ የሚገለገልበት ቤት ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። ይህ ብዙ ንግግር የሚሻ አይደለም፤ ጥቂት ሲሚንቶና አንድ ቀን ሥራ ነው።

ሐጂ፦ ወደ ልጄ ልመለስ። ተማረች እንበል። ከዚያስ?

መምህር፦ ከዚያ ሁለት ፈተና ይጠብቃታል። የመጀመሪያው ድርጅት ውስጥ ገብቶ መለማመድ ነው፤ የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ከሥልጠናው የሚበዛው ክፍል በሥራ ቦታ እንዲሰጥ ይፈልጋልና። ባለ ጥገና ቤቱ «እንዴት አዛታለሁ?» ብሎ ይመልሳታል። ለዚህ መድኃኒቱ ስብከት አይደለም፤ አሠልጣኙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብሯት ሄዶ፣ በወረቀት መጻጻፍና ሥራን በእጅ ማመልከት እንደሚበቃ ባለቤቱን በተግባር ማሳየት ነው። ሁለተኛው የብቃት ምዘናው ነው። መዛኙ ሲጠይቅ እሷ ካልሰማች፣ የሚለካው ሙያዋ ሳይሆን ጆሮዋ ነው። ስለዚህ በምዘናው ቀን አስተርጓሚ ይኑር፣ ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ፣ ጊዜም ይጨመርላት። መመዘኛው ግን አይቀነስ! በርኅራኄ የተሰጠ ወረቀት በገበያ ላይ በመጀመሪያው ስልክ ይጋለጣል፤ ከእሷ በኋላ ለሚመጣውም በር ይዘጋል።

ሐጂ፦ ይህኛው ቃል ደስ አሰኘኝ። ምጽዋት የሆነ ወረቀት ለልጄ አልሻም። መሣሪያውን እኔ እገዛለሁ።

መምህር፦ እርስዎ ይገዛሉ፤ አባት የሌላትስ? ብድር ሲባል ወጣቶች በቡድን ይደራጁና አንዱ ለሌላው ዋስ ይሁን ይባላል፤ ቡድኑም አካል ጉዳተኛውን ዕዳ ያመጣብናል ብሎ ይሸሸዋል። ሠልጥኖ ቤቱ ለሚቀመጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሥልጠና ያለ መሣሪያ የሚቀር ከሆነ ገንዘቡ ባክኗል ማለት ነው፤ ስለዚህ የሥልጠናው በጀት ሲወጣ የመነሻ መሣሪያው ዋጋ አብሮ ይያዝ ባይ ነኝ።

ሐጂ፦ በጀት ካሉ ዘንድ፣ ለአንዲት ልጅ ብሎ አስተርጓሚ የሚቀጥር ኮሌጅ ይገኛል?

መምህር፦ ለአንዲት አይገኝም። ግን አንዲት ብቻ ናት ያለዎት ማን ነው? በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ፣ ከ73 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝብ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው 805,492 ብቻ ነው፤ ከመቶ አንድ ጥቂት ፈቅ ያለ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ የሚሆነው ከፍ ያለ የአካል ጉዳት እንዳለበት ይናገራል። ትራኮማ ከሌላው ክልል ይልቅ በጸናበት በአማራ ክልል፣ ጦርነትም በተመላለሰበት በዚህ ሸለቆ፣ እኛ ከዓለም ሁሉ ይልቅ ጤነኞች ሆነን ነው ብሎ የሚያምን የለም። ቈጣሪው ሲመጣ ቤተሰቡ ልጁን በጓዳ ያስቀምጣል፣ ወይም ጥያቄው በደንብ አይጠየቅም፤ ያልተቈጠረ ሰው ደግሞ በጀት አይያዝለትም፤ በጀት ያልተያዘለት ቤቱ ይቀራል፤ ቤቱ የቀረውን ሰው ባለ ሥልጣኑ «አመልካች የለም» ይለዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት የኢኮኖሚ አቅሙ በፈቀደው ደረጃ የአካል ጉዳተኞችን ያቋቁማል፣ ይረዳልም ይላል፤ አቅሙ ምን ያህል እንደሚፈቅድ የሚታወቀው ግን ሲጠየቅ ነው።

ሐጂ፦ እኔ በበኩሌ ነገ ወደ ኮሌጁ ሄጄ ለልጄ አነጋግራለሁ። ከኀላፊዎቹም የማውቃቸው አሉ፤ እንደማያሳፍሩኝ አምናለሁ።

መምህር፦ ይህንንስ አይሹ። እርስዎ ስለ ታወቁ የሚደረግልዎ ነገር ለእርስዎ ልጅ ብቻ ተደርጎ ይቀራል፤ የወዳጅዎ ልጅ እንደ ገና ጀርባ ስታይ ትኖራለች። ይልቅስ ከመስጊድ ሲወጡ፣ እድር ላይ ሲቀመጡ፣ ሰንበቴና ባቲ ሲወርዱ፣ እንደ እርስዎ ያሉትን አባቶችና እናቶች ይጠይቁ። እኔም በቤተ ክርስቲያን በኩል እጠይቃለሁ። የልጆቹን ዕድሜ፣ የጉዳታቸውን ዓይነት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ሊማሩት የሚሹትን ሙያ እንጻፍ። አንድ አስተርጓሚ ለብዙ ሠልጣኞች ይበቃል፤ ብዙ ወላጆች የፈረሙበትን ማመልከቻም አመልካች የለም ብሎ መመለስ አይቻልም።

ሐጂ፦ ኢንሻአላህ፣ እንዲሁ አደርጋለሁ። ከባቲ እጀምራለሁ፤ ሰኞ እወርዳለሁና። ለመጻፉ እርስዎ አሉ። መቼ ይድረስ?

መምህር፦ የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ዕቅዱ ግን ከዚያ ብዙ ወራት አስቀድሞ ይዘጋጃል። ማመልከቻው በዚህ በበጋው ውስጥ፣ ዕቅድ አውጪዎቹ ሳይቀመጡ መድረስ አለበት።